ሁለት ስም ያላት ተፈታኝ

ለልጄ፣ የሰው ልጅ በእርሳስ በጠቆረ ክብ ይለካል ብለህ ለምታምነው፤

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ፣ ልጆችህስ? ሐይቁ ዳር ዘንድሮ ወባው ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ አስቤ ነበር፤ ሕፃናቱን አጎበር ሥር አስተኟቸው። እኔን ብትጠይቅ ከጉልበቴና ከዓይኔ በቀር የከዳኝ የለም። ስሙ ይመስገንና ከቅዳሴ አልቀረሁም፣ እህልም አልጠላኝም። ከብቱ ደኅና ነው። ክረምቱ ግን ከብዷል፤ ከእኛ ደጅ እስከ ማንኩሳ ያለው መንገድ በቅሎ ይውጣል። ሰላምታዬ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነውና ተቀምጠህ አንብበው።

ጽሕፈቱ የእኔ እንዳልሆነ አይተኸዋል። ዓይኔ ከፋሲካ ወዲህ ፊደል ከፊደል መለየት ስለተሳነው እኔ እናገራለሁ፣ ጸሐፊ ይጽፋል። ያልሁትን ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲጽፍ ቃል አስገብቼዋለሁ። ስድብ ቢያጋጥምህ የአባትህ እንጂ የጸሐፊው አይደለም። ለምን በስልክ አልነገርኸኝም እንዳትል፣ አንደኛ ኔትወርኩ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሁለተኛ በስልክ የተነገረህን ነገር እሺ እሺ ብለህ እንደምትረሳው አውቃለሁ። ዱርቤቴ እህል የሚያወርደው አለበል እግረ መንገዱን ባሕር ዳር ድረስ ዘልቆ በእጅህ ይሰጥሃል። መልስ ካልሰጠኸው ከደጅህ አይነሣም፤ እንደዚያ ብዬ ልኬዋለሁ።

ነገሩን ላስቀድም። የሟች እኅትህ ልጅ ያምሮት የስድስተኛ ክፍል ፈተናዋ ተሰርዟል። ወደቀች አላልሁህም። ተሰርዟል ነው ያሉት። አባቷ ገነነ ደግሞ ቃሉን ታውቀዋለህ፤ እኅትህ ከሞተች በኋላ ልጅቱን ለእኔ ሲሰጠኝ፣ አዲሲቱ ሚስቱ ሕፃን በሕፃን ላይ እየደራረበችለት ስለሆነ፣ ከተማረችና ካለፈች ማንኩሳ ቤት ተከራይቼ ሰባተኛን አስጀምራታለሁ፣ ካላለፈች ግን ሕፃን የሚይዝ የለኝምና ትመለስልኝ ብሎኛል። ክፉ ሰው አይደለም። ቃሉን ግን ይጠብቃል። ፍልሰታ ሲፈታ መጥቶ ይወስዳታል። ከሄደች በኋላ ተመልሳ ደብተር የምትይዝ እንዳይመስልህ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ባለፈው ጥምቀት መጥተህ ሥራህን ስታስረዳኝ ዝም ብዬ የሰማሁህ ተደንቄ አይደለም፤ አፍሬልህ ነው። አንድ ጥያቄ ታወጣለህ፣ ከሥሩ አራት መልስ ትደረድራለህ፣ ሦስቱ ውሸት ናቸው። ለአንድ እውነት ሦስት ውሸት ስትፈጥር ትውልና ደመወዝ ይከፈልሃል። ልጅ ሳለህ ውሸት አትናገር ብዬ የገረፍሁህ ለዚህ ኖሯል? ደግሞ ሕፃኑ ስድስት ዓመት ሙሉ ተምሮ እናንተ ፊት ሲደርስ የምትጠይቁት ሀ ነው ወይስ ለ፣ ሐ ነው ወይስ መ እያላችሁ ነው። እኔ ዘንድ ሀ ብሎ የጀመረ ልጅ በስድስት ዓመቱ ዳዊት ደግሞ ዜማ ይዟል። እናንተ መልሳችሁ ሀ ላይ ታስቀምጡታላችሁ።

መፈተን ምን እንደሆነ አንተ አታውቀውም አልልም። ከእኔ ፊት ተቀምጠህ ተፈትነሃል። ያላጠናኸው ቦታ ስትደርስ ሳል ይይዝህ ነበር፤ ውዳሴ ማርያም የረቡዕ ላይ ሳትስል ያለፍህበትን ቀን አላስታውስም። እኔም በሳልህ አውቅብህ ነበር። ልጁ አላጠና እንደሆነ፣ ርቦት እንደሆነ፣ ቤቱ ሰው ታሞበት እንደሆነ ከድምፁ እለያለሁ፤ ሂድና ነገ ና እለዋለሁ። የእናንተ ማረሚያ ማሽን ነገ ና ማለት ያውቃል?

ትምህርት ቤቱንማ ተወው። መምህሩ ያረጋል ይባላል፤ ልብሱ ንጹሕ፣ ሰላምታውም መልካም የሆነ ወጣት ነው። ከጥር ጀምሮ ማስተማሩን ትቶ ክብ ማጥቆር ያለማምዳቸው ጀመር። ክቡን ሞልታችሁ አጥቁሩ፣ ከመስመሩ አትውጡ፣ ላጲስ አታብዙ፣ ወረቀቱን አታጣጥፉ፣ ማሽኑ ያኮርፋል ይላቸዋል። ያላወቃችሁት ጥያቄ ከመጣ ሐን አጥቁሩ ብሎም መክሯቸዋል። ለምን ሐ ብዬ ብጠይቀው፣ የኔታ፣ አዘጋጆቹ መልሱን መሀል መሸሸግ ይወዳሉ አለኝ። ይህ ሰው ዲግሪ አለው። እኔ ሽሽግ ነገር የሚፈልገውን ጠንቋይ ነው እለው ነበር፤ ለካ መምህርም አለበት።

ያም ሆኖ ልጅቱ ሠራች። እንዳንተ አይደለችም፤ ሳል አያውቃትም። ከፈተናው ስትመለስ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ነገረችኝ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ ከሚከተሉት የቤት እንስሳ ያልሆነው የትኛው ነው? በግ፣ በቅሎ፣ ድመት፣ ንብ። እስቲ አሁን ይህን ያወጣኸው አንተ አይደለህም በለኝ። የተኛህበት መደብ ከራስጌው ቀፎ ነበረበት፤ ንቡ ሲተም በኩታ የሸፈንሁህን ረሳኸው? በቅሎዋ ናት እንጂ ውጭ የምታድረው። ልጅቱ በቅሎ ልትል እርሳሷን ካነሣች በኋላ፣ ከተማ ያለ ሰው ምን ይላል ብላ አስባ ንብን አጠቆረች። እንግዲህ ያስተማራችኋት ይህን ነው፤ የራሷን ቤት ረስታ የእናንተን ልብ መገመት።

አሁን ወደ ስሙ እመጣለሁ።

ሰኔ ከገባ ጀምሮ በየቅዳሴው ስሟን እያነሣሁ ጸልዬላታለሁ። ስሟን ስል የክርስትናውን ነው፤ በሰማንያ ቀኗ እኅትህ አቅፋት እኔ ያወጣሁላት ስም ወለተ ሐና ነው። ያምሮት የአባቷ ምርጫ ነው፣ የገበያና የሜዳ ስም ነው፣ በታቦት ፊት አይጠራም። ካህናቱም ለወለተ ሐና፣ ደብተራዎቹም ለወለተ ሐና፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የምትቀመጠው መነኩሲት እንኳ ለወለተ ሐና ስትለምን ሰነበተች።

ፈተናው ማንኩሳ ነበር። ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ልጅቱ እርሳሷን ይዛ ልትሄድ ስትል አንድ ሽማግሌ ጠርቶ መከራት። ማን እንደሆነ ለጊዜው ይቆይ። እንዲህ ነው ያላት፦ «ጸሎቱ የተደረገው ለወለተ ሐና ነው። ወረቀቱ ላይ ያምሮት ብለሽ ከጻፍሽ ጸሎቱ ማንን ብሎ ይምጣ?»

ልጅቱ ትልቅ ሰው ታከብራለች። ሽማግሌውም አፉን ሞልቶ ነው የተናገረው፤ መጽሐፍ የጠቀሰ ይመስል ነበር። እሷም ሄዳ ወረቀቱ ላይ ወለተ ሐና ገነነ ብላ ጻፈች። ከቡሬ በኩል የመጡት ፈታኞች መታወቂያ ወረቀቷን አይተው ፎቶዋን አይተው አስገቧት፤ መልሱ ላይ የጻፈችውን ስም ግን ማንም ዞር ብሎ አላየው። ዓይናቸው ክቡ ላይ ነዋ። ስምማ ምን ያደርግላቸዋል፣ ስም አይጠቆር።

ውጤቱ በያረጋል ቴሌግራም መጣ። የሁሉም ልጅ ስም ከነቁጥሩ ወጣ። ሐን እያጠቆረ የዋለው የጎረቤታችን የንግሥቴ ልጅ አለፈ። ያምሮት ገነነ በሚለው ፊት ለፊት ተሰርዟል ይላል። ያረጋል ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ የኔታ፣ ወለተ ሐና የምትባል ሌላ ልጅ ለያምሮት ተተክታ ተፈትናለች ነው የሚሉት አለኝ። እያየኋት አሳድጌ እንዴት ሌላ ልጅ ትሆናለች አልሁት። ማሽኑ ነው እንዲህ ያለው አለኝ። እንግዲህ ማሽኑ ከእኔ በላይ ያውቃታል።

ከልጅቱ ጋር ፍኖተ ሰላም ወረድን። የጽሕፈት ቤቱን ስም አላነሣም፣ ክብር እንዳይመስለው። ጠዋት የደረስን ከሰዓት አስገቡን። ወንዳወቅ የሚባል፣ የአንተን የመጀመሪያ ልጅ ዕድሜ ትንሽ የሚበልጥ ሹም ተቀበለን። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፤ አሳዳጊ አልበደለውም። ከዚያ በኋላ ግን ወለተ ሐና ለምን አልመጣችም አለኝ። ይችው መጥታለች አልሁት። ያምሮት ናት ብለውኝ ነበር አለኝ። ያምሮትም እሷ ናት አልሁት። ለሁለቱ የሚሆን አንድ ወንበር ብቻ ይበቃል ስለው አልሳቀም። መዝገቡን ገለበጠ፣ ስልኩን ነካካ፣ ወለተ ሐና መሆኗን ቤተ ክርስቲያን በማኅተም ትመስክር አለ። ያጠመቅኋት እኔ ነኝ፣ ማኅተሙንም የምይዝ እኔ ነኝ አልሁት። አያት ለልጅ ልጁ አይመሰክርም አለ። ዮርዳኖስ ወርዶ የእግዚአብሔርን ድምፅ ቢሰማ ኖሮ አባት ለልጁ አይመሰክርም ይል ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሳቅሁበት። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ሳልስቅ ነው የማስጽፈው።

ሹሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልጅቱን አነጋገራት። ልጅ ነሽ፣ ትልቅ ሰው አሳስቶሽ ከሆነ ይታይልሻል፣ ባሕር ዳር ይጻፍና ወረቀትሽ ከስምሽ ጋር ይገናኛል አላት። ያሳሳተሽ ሰው ግን ተጠርቶ ይጠየቃል፣ በፈተና ላይ እጅ ማስገባት ወንጀል ነው አላት። ከዚያ «ማን ነው ጻፊ ያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

እሷ ቀና ብላ እኔን አላየችም። እሱን እያየች «ማንም አላለኝም፤ ራሴ ነኝ» አለች።

ራስሽ ከሆንሽማ እያወቅሽ አጠፋሽ ማለት ነው፣ ለሌላ ሰው ልትፈተኚ አስበሽ ነበር ማለት ነው አላት። አዎ አለች። ምን እንዳለች አላወቀችም፤ ወይም አውቃለች። እንደዚያው ብሎ ጻፈባት። አጭበርባሪ ብሎ ጻፈባት፤ ከዚህ በፊት አንድ ብርጭቆ ሰብራ እንኳ ያልደበቀችውን ልጅ።

እኔ አጠገቧ ነበርሁ። መቋሚያዬን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ደርግ ሲጮህብን ያልዘጋሁት አፍ አለኝ፣ በጉባኤ ሊቃውንት ፊት ያልተንተባተበ አፍ አለኝ፣ አንተን ይኸው በሦስት ገጽ የሚሰድብ አፍ አለኝ። ያን ቀን ሳል ያዘኝ። ውሃ ሰጡኝ፤ ጠጥቼ ወጣሁ።

በመንገድ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ለዚህ ብዬ ነው አላለችም፣ ይማሩኝ አላለችም። ማንኩሳ ስንደርስ ጭቃው ጠልቆ ነበርና ጫማዬን አውልቃ ያዘችልኝ፣ እጄንም ይዛ አሻገረችኝ። ያን መንገድ እንደዚያ ረጅም ሆኖ አላውቀውም።

ገነነ ስለ ውጤቱ ሰምቷል። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አግኝቶኝ፣ እንግዲህ የኔታ፣ እግዚአብሔር ያላለው አይሆንም አለኝ። እግዚአብሔርን ምን አገባው፤ እሱ ስንቱን ስም ያውቃል። ከአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ስም መለየት ያቃታችሁ እናንተ ናችሁ። ልጅቱ ዕቃዋን ማጠፍ ጀምራለች። ያላት ዕቃ ደብተር ነው። ደብተሩን ለንግሥቴ ልጅ እሰጣለሁ ስትል ሰማኋት፤ ሐን ላጠቆረው። ተይ አልኋት።

አሁን ስለ ጸሐፊዬ ልንገርህ። ይህን ደብዳቤ የጻፈችው እሷ ናት። አዎ፣ ከላይ እስከ ታች። የእናቷን ሞት የጻፈችው እሷ ናት፣ ሕፃን የሚይዝ የለኝም የሚለውን የጻፈችው እሷ ናት፣ አጭበርባሪ የሚለውንም በገዛ እጇ ጻፈችው። አንድ ፊደል ገድፋ እንደሆነ ፈልግ። ሐን ከኀ ለይታለች፣ ሠን ከሰ ለይታለች፤ አንተ ለጥምቀት ስትመጣ በጻፍህልኝ ማስታወሻ ላይ ሥራ የሚለውን እንኳ ሁለት ዓይነት አድርገህ ጽፈኸው ነበር፤ ያኔ ዓይኔ ገና አልደከመም። ይኸውልህ የመልስ ወረቀቷ። ማሽንህ ከዚህ ውስጥ የሚጠቆር ክብ ካገኘ ያግኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድትጽፍ ነገርኋት። ብዕሯን አስቀመጠች። ደግሜ ነገርኋት፣ ቃል ገብተሽልኛል አልኋት። አልጽፍም አለች። ተቆጣሁ፤ አልጽፍም አለች። የኔታ ናቸው ያዘዙሽ፣ አያትሽ ናቸው ያዘዙሽ ብዬ ሁለቱንም ማዕረግ ደረደርሁባት። አልጽፍም አባባ አለች። እምቢ ማለቷን ጻፊ አልኋት፣ ያንን ብቻ ጻፈችልኝ። ዓይኔ ቢረዳኝ ራሴ እጽፈው ነበር፤ ሞክሬም ነበር፣ መስመሩ ሁሉ ተደራረበብኝና ቀደድሁት። ሌላ ሰው ጠርቼ ላስጽፍ ብል ደግሞ ነገሩ ከቤት ይወጣል ብላ ታለቅሳለች።

ስለዚህ ና። መንገዱ ጭቃ ነው አትበለኝ፣ ሥራ አለብኝ አትበለኝ። አንተ ከፈታኞቹ አንዱ ነህ፣ ያ ወረቀት ከሰዎችህ ዘንድ አለ፣ በስንት እንዳለፈች አይተህ ስሟን ከስሟ ማገናኘት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። የሚያስፈልገው ያሳሳታት ሰው ማን እንደሆነ መታወቁ ብቻ ነው። ያንን ለማወቅ መጥተህ ከፊቴ ተቀመጥ። ከፈለግህ ያን ወንዳወቅ የሚባለውንም ይዘኸው ና። ማን ነው ጻፊ ያላት ብለህ ጠይቀኝ። አራት መልስ አትደርድርልኝ፤ አንድ ይበቃኛል። ካሳለኝም ነገ እመለሳለሁ አትበለኝ፤ ሳሌ እስኪያልፍ ጠብቀህ ደግመህ ጠይቀኝ። የፍልሰታ ጾም ሳይገባ ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ ከፈታንማ ገነነ ቀድሞህ ይደርሳል።

ዘርህን ይባርክልህ። ልጆችህ በሚጠሩበት ስም ሁሉ፣ በዓለሙም በክርስትናውም፣ ይወቅልህ፣ ይጠብቅልህ። የተቆጣሁህን ያህል እናፍቅሃለሁ። በጥምቀት ሳትበላ የሄድኸው ማር አሁንም ተቀምጦልሃል። ንቡም ደኅና ነው፤ እዚያው መደቡ ራስጌ ነው።

አባትህ

ይድረስ ለአጎቴ፤ እንደምን ሰነበቱ። አባባ ያሉኝን ሁሉ ጽፌያለሁ፣ ስድቡንም አልተውሁም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የተውሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም እውነት አይደለም። ሲመጡ ቢነግሩዎትም አይቀበሏቸው። አርጅተዋል፣ ይሳሳታሉ። እኔ ሕፃን መያዝ አይከብደኝም። ለአባባ የሚያነብላቸው ሰው ግን ይፈልጉላቸው።

የእኅትዎ ልጅ